ለቤት ሃይፋይ ፓወር ኮንዲሽነር መጨመር፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣ፣ በቢቸናና በአካባቢያቸው ደህና ሙዚቃ ማጫወቻ ቤታቸው ላስገቡና አሁን ስለ መብራቱ ማሰብ ለጀመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ፓወር ኮንዲሽነር በሶኬቱና በዕቃው መካከል ገብቶ የሚመጣውን መብራት የሚያጣራ ወይም የሚያስተካክል መሣሪያ ነው። እኛ ጋ የሚገዛው በመጀመሪያ ዕቃውን ከመቃጠል ለማዳን ነው። ድምፅ ማጥራቱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ የማይመጣበት ጊዜም አለ። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ገመድ)፣ ቀጥሎ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ካስፈለገ ስታቢላይዘር፣ በመጨረሻ ማጣሪያ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ገንዘቡን ያባክናል።

ፓወር ኮንዲሽነር ምንድን ነው? ከስታቢላይዘር በምን ይለያል?

በዚህ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ትተው ውስጡ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁ። አንዳንዱ በመስመሩ ላይ ያለውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጫጫታ ብቻ ያጣራል፤ ውስጡ ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ነው። አንዳንዱ ለቅጽበት የሚመጣን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚመጥ ቫሪስተር አለው። ሌላው ዝቅ ወይም ከፍ ያለውን ቮልቴጅ ወደ 220 ይመልሳል፤ ስታቢላይዘር የምንለው ይህ ነው። ውድ የሆኑት ደግሞ የሚመጣውን ኃይል ወደ ዲሲ ለውጠው አዲስ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይሠራሉ።

ከውጭ የሚመጡት፣ በሃይፋይ መጽሔት የሚወደሱት ኮንዲሽነሮች አብዛኞቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሥራዎች ብቻ ነው የሚሠሩት። ቮልቴጁ 165 ሲሆን 165ቱን አጣርተው ያሳልፉታል እንጂ ከፍ አያደርጉትም። ችግሩ መብራቱ መውረዱ ለሆነ ቤት እንዲህ ያለው ዕቃ ምንም አይፈይድም።

የእኔ ቤት ያስፈልገው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ይለኩ። ተራ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። ኤሲ ቮልት ላይ፣ 600 ወይም 750 የሚለው ላይ ያድርጉትና ሙዚቃው የሚሰካበትን ሶኬት ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ይለኩ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። አንዱን ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ አንዱን ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ አንዱን ደግሞ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ያድርጉት። የሌሊቱን ብዙ ሰው ይተወዋል። ነገር ግን ምጣዱና ምድጃው ሁሉ ሲጠፋ ቮልቴጁ ከፍ የሚለው ያን ጊዜ ነው። የፋሲካ ወይም የገና ዋዜማ ከተገጣጠመልዎት እሱን አያሳልፉት፤ ሰፈሩ በሙሉ እንጀራ ሲጋግር የሚያገኙት ቁጥር የዓመቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱን እንዲህ ያንብቡት። ሁልጊዜ ከ205 እስከ 235 ውስጥ ከሆነ ስታቢላይዘር አይግዙ፤ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጠው መሣሪያ (ከዚህ በኋላ መቁረጫ የምንለው) እና ቫሪስተር ያለው ዲቫይደር ይበቃዎታል። ከ180 እስከ 245 የሚዋልል ከሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ከ170 በታች በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት የሚቀጥለውን መልስ ያንብቡ፤ ችግሩ ገመድ ወይም መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል።

ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ አምፕሊፋየሩም ድምፁ ይቀየራል። ኮንዲሽነር ይፈታዋል?

ይህን መጀመሪያ በገመዱ ይፍቱት። 3,500 ዋት የሚበላ ምጣድ ከመስመሩ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ከቆጣሪ እስከ ምጣዱ 20 ሜትር የሆነ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ቢሆን ደርሶ መልሱ 40 ሜትር ነው፤ ተቃውሞው 0.3 ኦም ገደማ ስለሆነ የሚጠፋው 5 ቮልት አይሞላም። ገመዱ 1.5 ከሆነ ወደ 8 ቮልት ይጠጋል። ምጣዱ ሲሰካ 25 ወይም 30 ቮልት የሚወርድ ከሆነ የላላ ወይም የተቃጠለ መጋጠሚያ አለ ማለት ነው።

የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ቦታ ይለኩ። ምጣዱ እየሠራ ቆጣሪው አጠገብ ካለው ብሬከር ላይ ይለኩ፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ። ቆጣሪው ጋ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ላይ ከወረደ ችግሩ የቤትዎ ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርተው የብሬከሩንና የሶኬቱን ብሎኖች ያስጠብቁ፣ በጣት የተጠማዘዘውን መጋጠሚያ ሁሉ በማገናኛ ያስቀይሩ። ቆጣሪው ላይም ከወረደ ችግሩ ከምሰሶው በኩል ነው። ከላይ የሚመጣው አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር ተጠማዝዞ የታሰረበት ቦታ በዝናብ ይዝግና ይሞቃል፤ ይህን መንካት የሚችለው የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ብቻ ስለሆነ ያመልክቱ።

ቤቱ ገና እየተሠራ ከሆነ ለሙዚቃው ክፍል ከማከፋፈያው ለብቻው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር መስመርና የራሱን 16 አምፔር ብሬከር ያስጎትቱ። ከምጣዱ መስመር ጋር አይገናኝ። ይህን ያህል በትንሽ ወጪ ብዙ የሚጠቅም ነገር በዚህ ገጽ ውስጥ የለም።

ሁሉም ዕቃዬ ስታቢላይዘር ይፈልጋል?

አይፈልግም። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ዕቃው ራሱ ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ 150 ቢሆንም 240 ቢሆንም ይሠራል። ዘመናዊ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር፣ ቴሌቪዥን፣ ዲኮደር፣ የስልክ ቻርጀር የሚመስል አዳፕተር ያላቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለእነሱ መቁረጫና ቫሪስተር ይበቃቸዋል።

«220» ወይም «230» ብቻ የሚል፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ግን የሚመጣውን ቮልቴጅ እንዳለ ይቀበላል። መስመሩ 170 ሲሆን የውስጡ ቮልቴጅ በ23 በመቶ ይወርድና የሚያወጣው ከፍተኛ ኃይል ወደ 60 በመቶ ያሽቆለቁላል። ባሱ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ሙዚቃው ከፍ ሲል ይንሻፈፋል። 260 ሲሆን ደግሞ የውስጡ ቮልቴጅ በ18 በመቶ ያድጋል፤ ትራንስፎርመሩ ይጮኻል፣ ትራንዚስተሮቹ ይግላሉ፣ ማጣሪያ ካፓሲተሮቹም ከሚችሉት በላይ ይጫናሉ። ለአምፕሊፋየር ዝቅ ያለው የሚያናድድ ነው፣ ከፍ ያለው ግን የሚገድል ነው።

ባለሪሌይ ልግዛ ወይስ ባለሰርቮ?

ባለሪሌዩ «ቀጭ» እያለ ከትራንስፎርመሩ አንድ መውጫ ወደ ሌላው ይዘላል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፤ ግን በትክክል 220 አያወጣም፣ ከ200 እስከ 240 ውስጥ ይዋልላል። በዘለለ ቁጥር ስፒከሩ ላይ ትንሽ «ጧ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ባለሰርቮው ትንሽ ሞተር ካርቦን ብሩሽ እየገፋ ቀስ ብሎ ያስተካክላል፤ ውጤቱ ወደ 220 ይበልጥ የቀረበ ነው። ጉድለቱ ፍጥነቱ ነው። ምጣድ በድንገት ሲነቀል ብሩሹ እስኪመለስ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያሳልፋል።

ማታ ማታ ቀስ እያለ ለሚወርድ መስመር ባለሰርቮ ይሻላል። ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት አጠገብ ሆነው ቮልቴጁ በየደቂቃው ለሚዘልበት ቤት ባለሪሌይ ይሻላል፤ ባለሰርቮው እዚያ ቦታ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ብሩሹን ይጨርሳል። ሁለቱም ዕቃውን ከመስመሩ አይነጥሉም፣ መብረቅም አይከላከሉም።

ስንት ቪኤ ይበቃኛል?

ቪኤ ስታቢላይዘሩ የሚሸከመው መጠን ነው፤ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ማለት ነው። ከየዕቃው ጀርባ ያለውን ዋት ይደምሩና በሁለት ያባዙ። ምሳሌ፦ አምፕሊፋየር 250፣ ሲዲ ማጫወቻ 15፣ ሸክላ ማጫወቻ 5፣ ሌላ ትንሽ ዕቃ 10፤ ድምሩ 280፣ ሲባዛ 560 ነው። ወደሚቀጥለው ከፍ ብለው 1,000 ቪኤ ይግዙ። ለምን ያህል ትርፍ? አንደኛ፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ሲበራ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁለተኛ፣ መስመሩ ሲወርድ ስታቢላይዘሩ ራሱ ይደክማል፤ 1,000 ቪኤ በ220 የሚስበው 4.5 አምፔር ገደማ ነው፣ መስመሩ 160 ሲሆን ግን ያንኑ ለማውጣት ከ6 አምፔር በላይ መሳብ አለበት። ሽቦው ካልቻለ ይግላል፣ ፊውዙ ይቆርጣል።

ፍሪጅና ቴሌቪዥኑን አብረው በአንዱ ስታቢላይዘር ላይ አይስቀሉ። የፍሪጁ ሞተር በተነሳ ቁጥር ሙዚቃው ይሰማዋል።

ኧርዝ የለኝም። ያለሱ ኮንዲሽነር ይሠራል?

በግማሹ ብቻ ይሠራል። ቫሪስተሩም ማጣሪያውም ከሥራቸው የተወሰነውን የሚሠሩት ወደ መሬት በመላክ ነው። በብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ ወይም ብረት አለው፣ ከጀርባው ግን ገመድ የለም። ለማወቅ ከፌዝ (ኃይሉን ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ኒውትራል (ኃይሉ ወደሚመለስበት ሽቦ) ይለኩ፣ ከፌዝ ወደ ኧርዝ ይለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ፣ ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ደግሞ ከ2 ወይም 3 ቮልት በታች መሆን አለበት። ከፌዝ ወደ ኧርዝ 60 ወይም 110 ካገኙ ኧርዙ ለስም ነው ያለው።

አዲስ ለማስተከል፦ በመዳብ የተለበጠ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር (2.4 ቢሆን የተሻለ) ዘንግ፤ የዘንጉ የራሱ ማሰሪያ፤ ቢጫና አረንጓዴ የሆነ 10 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ እስከ ማከፋፈያው። አንድ ዘንግ ካልበቃ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ይራቅ፤ ተጠጋግተው ከተተከሉ ሁለቱ እንደ አንድ ነው የሚሠሩት።

አፈሩ ልዩነት ያመጣል። በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ እርጥብ ሲሆን ለኧርዝ እጅግ ጥሩ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል፤ በክረምት የተለካው ጥሩ ቁጥር በበጋ አይገኝም። መፍትሔው ዘንጉን ከስንጥቁ በታች እንዲደርስ በጥልቀት መቅበርና የእጅ መታጠቢያው ውኃ ወይም የጣሪያው አሸንዳ በሚፈስበት በኩል መትከል ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ቅርብ በሆነበት ቦታ ዘንግ አይገባም። እዚያ ከ60 እስከ 80 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ረዘም ያለ ቦይ ቆፍረው ባዶ የመዳብ ገመድ ወይም ጠፍጣፋ ብረት ያስተኙበትና በዋልካ አፈር ይሙሉት፤ ዋልካ እርጥበት ይይዛል። ጨው መጨመር የተለመደ ቢሆንም ብረቱን ይበላል፣ በሁለት ክረምት ታጥቦም ይሄዳል።

ውጤቱን ኤሌክትሪሺያኑ ያለ ልዩ መሣሪያ እንዲህ ሊገምት ይችላል። ዕቃ ሁሉ ተነቅሎ፣ ባለ100 ዋት የድሮ ባለክር አምፖል ከፌዝ ወደ ኧርዝ ያበራል። አምፖሉ 0.45 አምፔር ያሳልፋል። ሲበራ ከፌዝ ወደ ኧርዝ ያለው ቮልቴጅ ከፌዝ–ኒውትራሉ በ5 ቮልት ካነሰ ተቃውሞው 11 ኦም አካባቢ ነው፤ ጥሩ ነው። በ40 ቮልት ካነሰ ወደ 90 ኦም ነው፤ ሌላ ዘንግ ያስፈልጋል። በፈተናው ጊዜ ማንም የዕቃ ብረት ወይም የኧርዝ ገመድ አይንካ። ወደ መሬት የሚሾልክ ኃይል ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ካለ ወዲያው ይቆርጣል፤ ያ ብልሽት አይደለም።

ሁለት ነገር በፍጹም አይደረግም። ኧርዝ ጠፋ ብሎ ሶኬቱ ላይ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ማሰር አንዱ ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የአምፕሊፋየሩ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። ሌላው ለሙዚቃው ብቻ የተለየ፣ ከቤቱ ኧርዝ ጋር ያልተገናኘ ዘንግ መትከል ነው። መብረቅ አቅራቢያ ሲወድቅ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠርና መተላለፊያው የእርስዎ ዕቃ ይሆናል። ዘንጎቹ ስንትም ይሁኑ በገመድ ይያያዙ።

ኮንዲሽነር ከጨመርኩ በኋላ አምፕሊፋየሩን ስነካ ይነዝረኛል። ተበላሽቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ኧርዝ ስለሌለ ነው። በማጣሪያው ውስጥ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረቱ የሚሄዱ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ኧርዝ ሲጠፋ ብረቱ የመስመሩን ግማሽ፣ 110 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ቴስተርም ያበራል። የሚያልፈው ኃይል ከአንድ ዕቃ በአብዛኛው ከግማሽ ሚሊአምፔር በታች ነው፤ ብዙ ዕቃ ሲደመር ግን ከፍ ይላል። ሰውን ከማስደንገጥ አልፎ የአርሲኤ ገመድ (ድምፁን ከማጫወቻው ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሰው) ሲሰካ የአምፕሊፋየሩን መግቢያ ሊያቃጥል ስለሚችል ኧርዙ እስኪስተካከል ድረስ ሁሉንም ሳይነቅሉ ገመድ አይቀያይሩ። ኧርዝ ኖሮ የሚነዝር ከሆነ ግን ከዕቃው ውስጥ ኃይል ወደ ብረቱ እየሾለከ ነው፤ ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩ።

የግንኙነቱ ቅደም ተከተል እንዴት ነው?

ከግድግዳው ሶኬት ቀጥሎ መቁረጫው ይሁን፤ በተለምዶ ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ወይም ሲወጣ የሚቆርጠውና ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ማለት ነው። ከዚያ ስታቢላይዘሩ፣ ከዚያ ማጣሪያና ቫሪስተር ያለው ዲቫይደር፣ ከዚያ ዕቃዎቹ። ኮንዲሽነሩን ከስታቢላይዘሩ በፊት ማድረግ ሪሌዩ ራሱ የሚፈጥረውን ጫጫታ ሳይጣራ ይተወዋል።

ስታቢላይዘሩን ከሸክላ ማጫወቻውና ከሸክላው ፕሪአምፕ ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት፤ የትራንስፎርመሩ ማግኔት በቀጥታ ወደ ፒክአፑ (መርፌው ወዳለበት ጫፍ) ይገባል። የመብራት ገመዶችና የአርሲኤ ገመዶች ጎን ለጎን አይታሰሩ፤ መተላለፍ ካለባቸው በመስቀለኛ ይተላለፉ። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ አይሰካ።

ሲያበሩ ስታቢላይዘሩ መጀመሪያ፣ ማጫወቻዎቹ ቀጥሎ፣ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ። ሲያጠፉ በተቃራኒው።

ኮንዲሽነር ገዝቼም ስፒከሩ «ኡኡኡ» ይላል። ለምን?

ምክንያቱም ያ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ጫጫታ አይመጣም። ማጣሪያው የሚሠራው በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው፤ የ50 እና የ100 ኸርዝ ጉርምርምታን አይነካም። መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ይለዩ። ስፒከሩን ነቅለውም ከአምፕሊፋየሩ ሳጥን ከተሰማ ትራንስፎርመሩ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ቮልቴጁን ይለኩ፣ ከ240 በላይ ከሆነ ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል።

ከስፒከሩ ከሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፍተው መግቢያ ገመዶቹን በሙሉ ይንቀሉና መልሰው ያብሩ። ዝም ካለ አንድ በአንድ ይመልሱ፤ ሲመለስ ድምፁን ያመጣው ገመድ ጥፋተኛው ነው። በጎጃም ቤቶች በተደጋጋሚ የሚገኘው የዲሽ ገመድ ነው። ዲሹ ጣሪያ ላይ ከብረት ጋር ተያይዟል፣ ገመዱ በዲኮደሩ በኩል ከቴሌቪዥኑ፣ ከዚያም ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኛል፤ በሌላ በኩል አምፕሊፋየሩ በሶኬቱ ኧርዝ አለው። ሁለት መንገድ ወደ መሬት ስላለ በመካከሉ ኃይል ይዞራል። የዲሹን ገመድ ከዲኮደሩ ሲፈቱት ድምፁ ከጠፋ ቴሌቪዥኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በኦፕቲካል ገመድ ያገናኙት፤ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ስለሆነ ኃይል አያሳልፍም። የአምፕሊፋየሩን የኧርዝ እግር መቁረጥ ድምፁን ያጠፋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሰው ያጠፋል።

ለሸክላ ማጫወቻ ቀጭኗ የኧርዝ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለችው ብሎን ጋር መታሰሯን ያረጋግጡ። ሁለት እግር ብቻ ያለው ስፒና ከሆነ ገልብጠው ይሞክሩ፦ የድምፅ ገመዶቹ ተነቅለው፣ ከዕቃው ብረት ወደ ኧርዝ ያለውን ቮልቴጅ በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩና ዝቅ ያለው በሚሆንበት ሰክተው በቀለም ምልክት ያድርጉ። ወጪ የለውም።

ጥዝጥዝታና «ጭ ጭ» ከሆነ ማጣሪያው የሚጠቅመው ያኔ ነው። እዚያም ቢሆን ምንጩን መፈለግ ይቀድማል። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ መካከለኛ ሞገድ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት ቦታ ያድርጉና የቤቱን ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎችና ቻርጀሮች እያጠፉ ይዙሩ። ጩኸቱ የሚቆምበትን አምፖል መቀየር ከማንኛውም ኮንዲሽነር ይረክሳል።

ኮንዲሽነሩ ከመብረቅ ያድናል?

ርቆ ከወደቀ መብረቅ በመስመሩ የሚመጣውን ጫፍ ሊቀንስ ይችላል። ምሰሶው ላይ ወይም ጣሪያው ላይ ለወደቀ ግን የትኛውም ዲቫይደር አይበቃም። ከሚያዝያ ጀምሮ ክረምቱ እስኪወጣ ደመናው ሲጠቁር ዕቃውን ይንቀሉ። ስፒናውን ብቻ ነቅሎ የዲሹንና የኢንተርኔቱን ገመድ መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በእነሱ በኩል ነው። ብልጭታውን አይተው ነጎድጓዱን እስኪሰሙ ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ እጅዎ ከገመድ ይራቅ፤ ለመንቀል የሚያስቡ ከዚያ በፊት ያድርጉት። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚቃጠለው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሲመጣ ቮልቴጁ ለጥቂት ጊዜ ይዘላል፣ ይቆራረጣልም። መብራት እንደሄደ ዕቃውን ያጥፉ፤ ሲመጣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። የሚያዘገይ መቁረጫ ካለዎት ይህን ራሱ ይሠራዋል። ስታቢላይዘሩ ላይ የማዘግያ ቁልፍ ካለ ረጅሙን፣ አብዛኛውን ጊዜ 180 ሰከንድ የሆነውን ይምረጡ።

ከዚህ የሚከፋው በምሰሶው ወይም በትራንስፎርመሩ ላይ ኒውትራል ሲበጠስ ነው። ያኔ የአንዱ ቤት ይደበዝዛል፣ ጭነት ያነሰበት ቤት ቮልቴጅ ደግሞ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ቫሪስተር ለቅጽበት እንጂ ለደቂቃዎች አልተሠራም፤ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም እሳት ያስነሳል። እዚህ ላይ የሚያድነው መቁረጫው ብቻ ነው። በበጀትዎ አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ከቻሉ እሱን ይግዙ። አምፖሎች በድንገት ከመጠን በላይ ሲደምቁ ካዩ ዋናውን ብሬከር ወዲያው ይጣሉት።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን አምፕሊፋየር ላከልኝ። በኮንዲሽነሩ ልሰካው?

በቀጥታ አይሰካም። የጃፓኑ 100 ቮልት፣ የአሜሪካው 120 ነው። ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ለጃፓኑ 100 የሚያወጣውን ይፈልጉ፣ 110 የሚያወጣው መስመሩ 240 ሲሆን 120 ይሰጠዋል። ማውረጃው ከስታቢላይዘሩ በኋላ ይገናኝ። ከአሜሪካ የመጣ መከላከያ ዲቫይደርም «125» የሚል ከሆነ 220 ላይ በሰኩት ቅጽበት ይፈነዳል።

ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ሞተሩ ኤሲ ከሆነና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ 33⅓ የነበረው ወደ 27.8 ዙር ይወርዳል። ቮልቴጅ ማስተካከል ይህን አይፈታውም፤ ለ50 ኸርዝ የተሠራ መዘውር ያስፈልገዋል።

ዩፒኤስ፣ ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ላይስ?

ርካሽ ዩፒኤስና ኢንቨርተር በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ደረጃ ያለው ነው፤ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ይጮኻል፣ ይሞቃልም። «ፒዩር ሳይን» የሚል ይፈልጉ። በትንሽ ጄኔሬተር ከሆነ ጭነት ሲገባና ሲወጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል መቁረጫው አይቅር፤ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ፣ ከመጥፋቱ በፊት ይንቀሉ።

በመጨረሻ ድምፁ ይሻሻላል?

መስመርዎ የሚዋልልና ቆሻሻ ከሆነ አዎ፤ ባሱ ይጠነክራል፣ ጥዝጥዝታው ይቀንሳል። መስመሩ ደህና ከሆነ ልዩነት አይሰሙም፣ እንሰማለን የሚሉትንም ማመን አይገባም። ለፈተና ክራር ይምረጡ። መሲንቆ የራሱ ሻካራ ድምፅ ስላለው ጥዝጥዝታውን ይሸፍነዋል፤ የክራር ጅማት ተመትቶ ሲከስም ግን የቀረው ጸጥታ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። ያንኑ ቅጂ፣ በዚያው የድምፅ መጠን፣ በዚያው ሰዓት ያለ ኮንዲሽነርና ከኮንዲሽነር ጋር ሌላ ሰው እየቀያየረልዎት ያዳምጡ።

ሱቅ ውስጥ ደህናውን ከደካማው እንዴት እለየዋለሁ?

ያንሱት። ትልቅ ቪኤ ተጽፎበት እንደ ባዶ ሳጥን የሚቀል ከሆነ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ትንሽ ነው። 2,000 ቪኤ የሚል ከሆነ ባለ1,000 ዋት ካውያ ሰክተው መውጫውን በመልቲሜትር ይለኩ፤ ካውያው ሲግል ከ200 በታች ከወረደ ወይም ሽታ ከመጣ ይተውት። ፊት ለፊቱ ላይ የሚታየውን ቁጥር አይመኑ፣ አንዳንዱ ምንም ቢሆን 220 እንዲያሳይ የተሠራ ነው። ክዳኑ የሚከፈትልዎት ከሆነ ቫሪስተሩን ይፈልጉ፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። «20D431» የሚለው 275 ቮልት የሚችል፣ «20D471» የሚለው 300 የሚችል ነው፤ ለእኛ መስመር ሁለተኛው ይመረጣል። ከፊቱ ፊውዝ ከሌለ አይግዙት።

ዕቃው ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ እንዳይሠራበት የሚል ምልክት አለ። ደብረ ማርቆስ ከዚያ በላይ ነው፤ ምን ላድርግ?

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አይነካትም፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ግን ከ2,400 በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የማውጣት አቅሙም፣ በሽቦዎች መካከል የመከላከል አቅሙም ይቀንሳል። ዕቃው ወዲያው ይበላሻል ማለት አይደለም። ከላዩና ከጎኑ 10 ሳንቲሜትር ክፍት ይተዉለት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አይዝጉበት፣ ስታቢላይዘሩንም ከተጻፈበት ቪኤ ከግማሽ በላይ አይጫኑት። ከመስመሩ ከሚመጣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ዕቃውን መከላከል ደግሞ እዚያ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በየስንት ጊዜ መፈተሽ አለበት?

ቫሪስተር በእያንዳንዱ ምት ይደክማል፤ ዲቫይደሩ ላይ «ይከላከላል» የምትለው መብራት ከጠፋች ዲቫይደሩ ኃይል ቢያሳልፍም መከላከሉ አልቋል፣ ይቀየር። መብራት ከሌለው በአቅራቢያ ከባድ መብረቅ ከወደቀ በኋላ ይቀይሩት። የባለሰርቮ ስታቢላይዘር ብሩሽ በዓመት አንዴ፣ ተነቅሎ፣ በደረቅ ብሩሽ ከአቧራ ይጸዳ፤ ካጠረ ይለወጥ። የኧርዙ ማሰሪያ በግንቦት፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ይጥበቅ፣ የዛገው ይፈቀፈቅ። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ያለውን ቮልቴጅም በዚያው ዕለት ይለኩና ማከፋፈያው በር ላይ ቀኑን ጨምረው ይጻፉት፤ በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ ካደገ ዘንጉ ወይም ማሰሪያው ተበልቷል ማለት ነው።